ጀልባዋ ያልተነሣችበት ቀን

ብዙዎቻችሁ ካራቆሬን የምታውቋት ከአውቶቡስ መስኮት እንደሆነ እገምታለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ከጣርማ በር ቁር ወደ ቆላው ትወርዳላችሁ፤ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፋችሁ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ታገኛላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ጉዟችሁን ትቀጥላላችሁ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ በሌላ ነገር ያውቋታል። በ1953 ዓ.ም በግንቦትና በሰኔ ተከታትሎ በደረሰው መንቀጥቀጥ ጎረቤታችን ማጀቴ ፈራርሳለች፤ ካራቆሬም ብዙ ቤቶቿን አጥታለች፤ የአስመራው መንገድም ተሰነጣጥቆ ነበር።

እኛ የይፋት ቆላ ሰዎች ውኃን የምናውቀው እንደ ደራሽ እንግዳ ነው። ሰማዩ በእኛ ላይ ጠርቶ ሳለ በደጋው፣ በመንዝና በግሼ ተራሮች ላይ ይጠቁራል። ጥቂት ቆይቶ ደረቅ የነበረው ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በዚያ ሰዓት እናቶች ልጆቻቸውን ከወንዝ ዳር የሚጠሩበት ድምፅ ከሌላው ጊዜ ጥሪ ይለያል። ከዚያ ውኃው ያልፋል፤ አሸዋው ይቀራል። ያ ሁሉ ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጀልባ ለእኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ነገር ነው፤ የዮናስ፣ የጴጥሮስ፣ የጳውሎስ። ማሽላና ማሾ በሚዘራበት አገር ስለ መልህቅ የሚያውቅ ማን አለ?

በነሐሴ 2009 ዓ.ም ባለቤቴና እኔ ጣናን ለማየት ተነሣን። ወዳጆቻችን «በዝናብ ማን ጣና ይሄዳል? መስከረም ይጥባ እንጂ» አሉን። እውነታቸውን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው አደይ ለብሶ ይገኛል። ባለቤቴ ግን ዕረፍት የሚያገኘው ምእመናኑ ሁሉ ማሳቸው ላይ በሚውሉበት በክረምት ነው። ለመሆኑ የመጋቢ ቤት መቼ ዕረፍት አለው? ሰርግ ባይኖር ለቅሶ አለ፤ ለቅሶ ባይኖር የተጣሉ ባልና ሚስት ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጆቹን ለእናቴ ትተን ስንወጣ በትዳር ሕይወታችን ሁለታችን ብቻ ለአንድ ሳምንት የሄድንበት የመጀመሪያው ጉዞ ነበር።

በሻንጣችን ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበረ። በአንድ ትልቅ ከተማ የምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ባለቤቴን ለአገልግሎት ጠርታው መልሱን በወሩ መጨረሻ ትጠብቅ ነበር። ደብዳቤው ከደረሰን ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስለ ቤት ኪራይ ተነጋግረናል፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተነጋግረናል። ከዚህ አልፈን ግን አልሄድንም፤ ነገሩ ወደ አንድ ቦታ ሲጠጋ አንዳችን ተነሥተን ሥራ እንፈልግ ነበር።

መንገዱን አላረዝምባችሁም። ደሴ፣ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ባሕር ዳር ገባን። ለቆላ ሰው የጉና ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ነጠላ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

የባሕር ዳር ሰዎች ጣናን «ሐይቅ» አይሉትም፤ ባሕር ነው የሚሉት። ከሐይቁ ዳር ስትቆሙ አትፈርዱባቸውም። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱም 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ማዶው አይታይም። ጥልቀቱን የነገረን ጀልባ ነጂያችን ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እንደማይበልጥ ሲነግረን ባለቤቴ «ታዲያ ምን ያስፈራል?» ብሎ ሳቀ። ነጂው አልሳቀም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል፤ ጀልባው ከአንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበታል። ለዚህ ነው የጣና ጀልባ ማለዳ የሚነሣው፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል።

ቀድሞ ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትመላለስ ትልቅ መርከብ ነበረች፤ እሑድ ጠዋት ተነሥታ፣ በየደሴቱ እየቆመች፣ ቁንዝላ አድራ ሰኞ ጎርጎራ ትገባ ነበር። እሑድ ጠዋት! የትኛው መጋቢ ነው በዚያ ሰዓት መርከብ የሚሳፈር? እኛ ግን የሁለት ቀን ጉዞ ከሚሄዱ ሌሎች ሰዎች ጋር ተዳብለን አነስተኛ የሞተር ጀልባ ተከራየን። ከመካከላቸው ከአዲስ አበባ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ። ዕቅዱ በመጀመሪያው ቀን ዘጌን አይተን እዚያው ማደር፣ በማግሥቱ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግረን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ማየትና ወደ ባሕር ዳር መመለስ ነበር።

ስለ ዘጌ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ኋላ ላይ ቀኑን ሙሉ ያቆየችን እሷ ናት። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባች ልሳነ ምድር ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በደን ተሸፍናለች፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ደግሞ ቡና አለ። አገሬው በጥንት ዘመን ስለነበሩት አባ በትረ ማርያም ሲተርክ፣ ቡናውና ጌሾው ከበትራቸው እንደበቀለና በዚያች ምድር ሞፈር እንዳይገባ እንደታዘዘ ይናገራል። ትረካውን እንደ ትረካ ተቀበሉት፤ ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ስለኖረ ሰዉ የሚተዳደረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። በጣና ዙሪያ ደኑ ሲመናመን የዘጌው የቀረው በዚሁ ነው። በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ቀጣና መዝግቦታል።

በመጀመሪያው ቀን ውራ ኪዳነ ምሕረትን አየን። ጫማችንን አውልቀን፣ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ገባን። በጣና ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉት፣ ሴት አያስገቡም፤ ውራ ግን ያስገባል። እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ግድግዳው መጽሐፉ እንደነበር ያስተምረን ነበር። የውራን ግድግዳ ሳይ ገባኝ። የጌታን ሕይወት ከልደት እስከ ትንሣኤ አንድ የዘጌ ገበሬ ፊደል ሳይቆጥር ሊከተለው ይችላል፤ የሚያሳዝነኝ የእኛ ልጆች ፊደል ቆጥረው ሳይከተሉት ሲቀሩ ነው።

ሌሊቱን ዘነበ። የካራቆሬ ዝናብ ይጮኻል፤ ቆርቆሮውን ደብድቦ ይሄዳል። የዘጌው አልጮኸም፤ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ድምፅ ወረደ፤ ሲነጋም አላባራም። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በጣና ደቡብ የሚዘንበው ዝናብ ቀልድ አይደለም። በዚያ ወቅት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሁሉ ሞልተው አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ሐይቁ ሰማያዊ ሳይሆን የወተት ሻይ መልክ ይይዛል። ከዳር ስናየው ነጭ ነጭ አረፋ በላዩ ይመላለስ ነበር።

ጀልባ ነጂው ማልዶ ወርዶ ውኃውን አየና ተመለሰ። «ዛሬ አንነሣም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ታዲያ ጭቅጭቁን ብታዩት! አንደኛው ተሳፋሪ የአውሮፕላን ቲኬት እንዳለው ተናገረ። ሌላው «የከፈልነው ለዚህ ነው?» አለ። ሙሽራው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሙሽሪት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ዕንባዋን እንዳናይ ነው። ስለዚህ ጉዞ ስድስት ወር ገንዘብ አጠራቅመዋል። ነጂው ግን ሁሉንም ሰምቶ «ብቻዬን ብሆን እንኳ አልነሣም» አለና ኮርቻ የመሰለች ዱካ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ሻማ መጥረግ ጀመረ።

እኔ በዚያ ሰዓት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ትዝ አለኝ። ሉቃስ ጾሙ ካለፈ በኋላ መርከብ መንዳት አስጊ እንደነበረ ይጽፋል፤ የዓመቱ የባሕር ጉዞ ጊዜ ማለፉን የሚያሳውቀው ጾሙ ነበር። ጳውሎስ «አትነሡ» ሲል የመቶ አለቃው የሰማው መርከብ መሪውንና የመርከቡን ባለቤት ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ መሪው «አትነሡ» ይላል፣ መንገደኛው «እንነሣ» ይላል። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ምክሬን ስሙኝ፦ ወደ ጣና ስትሄዱ ከመሳፈራችሁ በፊት ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ቁጠሩ፤ ለልጆችም በልካቸው መሆኑን እዩ። ነጂው አልሄድም ካለ ደግሞ ገንዘብ ጨምራችሁ አታባብሉት። ከምትመለሱበት ቀን በፊትም አንድ ባዶ ቀን አስቀምጡ። ዋጋው የአንድ ሌሊት ማደሪያ ብቻ ነው።

ይህን ምክር የምሰጠው መንገዱ እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው። በ2013 ዓ.ም በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬን ያቃጠለው ጥፋት ከተማችንንም ነክቷል፤ እሱን በዚህ ጽሑፍ ጣልቃ ላነሣው አልፈልግም፣ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጣናንም መንገዱንም አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ተነሡ። በ2017 ዓ.ም «ጣና ነሽ 2» የተባለች አዲስ ጀልባ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ተራራና በረሃ አቋርጣ ወደ ጣና ስትጓዝ ባለቤቴ ምስሏን በስልኩ አሳየኝ። ጀልባ በመኪና ጀርባ! ለቆላ ሰው እንኳ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ትንሽ ቀዘዝ ሲል ባለቤቴና እኔ በደኑ ውስጥ በምትሄደው ድንጋያማ መንገድ ወጣን። ብዙም አልሄድን፤ እንደገና ወረደ። ጃንጥላችንን ነፋሱ ገለበጠው። አንዲት እናት ከደጃፋቸው ሆነው አዩን።

«ውይ ልጆቼ፣ ዝናብ መታችሁ! ግቡ፣ ግቡ» አሉ።

ገባን። ቤቱ ጨለም ያለ፣ ጭስ የጠገበ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር የጌሾ ቅጠል ተሰቅሏል። እናታችን እሳቱን ቆሰቆሱት፤ እንጨት ጨመሩበት፤ የባለቤቴን ጃኬት ተቀብለው ከምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። ከየት እንደመጣን ሲጠይቁን «ከካራቆሬ» አልናቸው። አያውቋትም። «ከይፋት» አልናቸው። «እህ፣ ሩቅ ነው» አሉና የገዛ ጓሯቸውን ቡና ማጠብ ጀመሩ። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ሲቀዱልን ለራሳቸው ስኒ አላወጡም።

«እርስዎስ፣ እማማ?» አልኋቸው።

«እኔ ገና ነኝ፤ ቅዳሴው ሲወጣ ነው። እናንተ ጠጡ፤ መንገደኛ አይጾምም።»

ባለቤቴ የእኛ የጾም ሥርዓት እንደሚለይ በትሕትና ነገራቸው። ከየትኛው ቤተ እምነት እንደሆንን በዚህ ገባቸው መሰለኝ፤ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «እንዲያ ነው? ይሁና» ብለው ስኒውን ደግመው ሞሉለት፤ የኑግ ቆሎም በሰፌድ አቀረቡልን።

ስለ መላጥያ ደሴት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ሰባኪዎቻችን ሁሉ ወደ እባቡ ይቸኩላሉ፤ እባቡ ከጳውሎስ እጅ ላይ ሲራገፍ ጉባኤው እልል ይላል። ከእባቡ በፊት ያለውን ቁጥር ግን የሚያቆመው የለም፤ ምዕራፍ 28 ቁጥር 2ን ክፈቱና እዩት። ከባሕር የተረፉት 276 ሰዎች ናቸው። የማያውቋቸው የደሴቲቱ ሰዎች ዝናብና ብርድ ስለነበረ እሳት አነደዱላቸው። ሉቃስ ሰው ነውና ያችን እሳት አልረሳትም። ከዚያም በዚያች ደሴት ሦስት ወር ቆዩ፤ ጳውሎስ ያህል ሰው፣ ሮም እየጠበቀችው፣ ሦስት ወር!

እማማ «ጌሾዬን አይቼ ልምጣ» ብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ሁለታችን ከእሳቱ ፊት ቀረን። ውጭ ያው ዝናብ ነው። የሚጠራ ስልክ የለም፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ደጃፍ የሚያንኳኳ የተጣላ ባልና ሚስት የለም።

«ስለ ልጁ ነው አይደል?» አለ ባለቤቴ። እሳቱን ነበር የሚያየው።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ልጃችን በ2006 ዓ.ም በአንድ ዓመት ከሁለት ወሩ አርፎብናል። የተቀበረው በካራቆሬ ዳርቻ፣ አማኞቻችን ከብዙ ልመና በኋላ ባገኙት መቃብር ቦታ ነው። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ አረሙን እነቅላለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፍ እንዳይወስደው በዙሪያው ድንጋይ እደረድራለሁ። ወደ ሌላ ከተማ ብንሄድ ያን ድንጋይ ማን ይደረድራል? ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሰው ሲነገር የእምነት ማነስ ይመስላል።

«አዎ» አልሁት። «ትቼው መሄድ አልችልም።»

ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፈው፤ ፈቅዶልኛል። በዚያ ቦታ ሰው በተቀበረ ቁጥር ቆሞ ቃሉን የሚያነብበው፣ የሚጸልየው፣ ቤተሰቡን የሚያጽናናው እሱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ቀብር እንደነበረ ቆጥሯል። በእያንዳንዱ ቀብር ላይ ጀርባውን ለየትኛው መቃብር ሰጥቶ እንደሚቆም ያውቃል። «እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ አንድ ቀን እንኳ ሌላ መቆም አልችልም» አለ። ደብዳቤው ሲመጣ መንገድ የተከፈተለት መስሎት ነበር።

አንዱ መቃብር እኔን አስሮ ይዞኛል፤ እሱን ያባርረዋል። ለሦስት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተን፣ በአንድ ማዕድ ጸልየን ይህን አልተነጋገርንም። አላለቀስንም፤ የእማማ ቤት ነውና አፍረን ይሆናል። እሱ ግን እጄን ያዘ፤ በሰው ቤት እጅ መያዝ በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። እማማ ከጓዳ ሲመለሱ አይተው እንዳላዩ ሆነው ሦስተኛውን ቡና ቀዱ።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ሙሽሮቹን ከበረንዳው ላይ አገኘናቸው። ከቤቱ ልጆች ጋር ገበጣ እየተጫወቱ ነበር፤ ሙሽራው ተሸንፎ ሙሽሪት ትስቃለች። የአውሮፕላን ቲኬት የነበረው ሰው ብቻ ሰማዩን እያየ ቆሟል። ልትረዱት ይገባል፤ እሱን የሚጠብቀው ሥራ እውነተኛ ነበር፣ ዝናብም ለሁሉ ሰው አንድ አይነት አይደለም።

ማታ በኩራዝ ብርሃን ባለቤቴ መልሱን ጻፈ። እሺም አላለ፣ እንቢም አላለ፤ የአንድ ዓመት ጊዜ እንዲሰጡት ለመነ። ሳይልከው ለእኔ አነበበልኝ። ያች ቤተ ክርስቲያን ዓመት መጠበቅ አልቻለችምና ሌላ አገልጋይ ጠራች፤ እኛም በካራቆሬ ቀረን። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ወደ ቤታችን በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ የቀብር አገልግሎቱን እየተፈራረቁ እንዲመሩ ጠየቃቸው። ለምን እንደሆነም ነገራቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ «እኛስ እስክትጠይቀን ነበር የምንጠብቀው፣ ልጄ» አሉት። አሁን እሱ የሚመራው በየሦስቱ አንዱን ነው።

በዘጌ ጀልባ ነጂው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችንን መታ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውኃው ቡናማ ሆኖ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ዓሣ መረቡን ይሰበስባል። ወደ ደቅ ለመሻገር የሚበቃ ጊዜ ስላልነበረን ቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። ሙሽሪት ላይፍ ጃኬቷን ራሷ አሰረች፤ የባሏንም አጥብቃ አሰረችለት። እማማ በስልቻ ያሰሩልንን ቡና በጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። ደቅን እስከ ዛሬ አላየኋትም።